መሬቱ ከእግር ሥር ሲሄድ፤ የአንዲት የጃቫ መንደር ነገር

ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንዲት ትንሽ መንደር ነው። ስሟ ቲምቡልስሎኮ ይባላል። የምትገኘው በኢንዶኔዥያ፣ በጃቫ ደሴት ሰሜናዊ ጠረፍ፣ በደማክ አውራጃ ሳዩንግ በሚባለው ወረዳ ነው። በምዕራብ በኩል ወደብና ፋብሪካ የሞላባት ሰማራንግ ከተማ አለች፤ ከዚያ እስከ መንደሯ በሞተር ብስክሌት ብዙም አያስኬድም። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የጃቫ መንደር ከእኛ ምን አገናኘው?» የሚል ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን ከዚያች ደሴት ጋር ከተዋወቅን ሦስት መቶ ዓመት አልፎናል፤ ያስተዋወቀን ቡና ነው። ከእኛ ምድር ወጥቶ የመንን የተሻገረውን ቡና ሆላንዶች በሕንድ በኩል ወደ ጃቫ ወሰዱት። በ1696 የወሰዱት የመጀመሪያው ችግኝ በጎርፍ ጠፋ። በ1699 እንደገና ሞከሩ፤ ያኛው ጸደቀ። ከዚያ ወዲህ የጃቫ ስም በዓለም ገበያ የቡና ስም ሆኖ ኖረ። ቡናችን እዚያች ደሴት እንደደረሰ በመጀመሪያ የገጠመው ውሃ ነበር ማለት ነው። የዛሬው ወሬዬም የውሃ ወሬ ነው።

ስለ ደሴቲቱ አንድ ነገር ልበልና ወደ መንደሯ ልግባ። የጃቫ ስፋት 129,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የኢትዮጵያን ስፋት አንድ ስምንተኛ እንኳ አይሞላም። በዚያ ላይ የሚኖረው ሕዝብ ግን ከ150 ሚሊዮን ይበልጣል። እንዲህ በተጣበበ አገር ፋብሪካ ሲተከል ባዶ ሜዳ ላይ አይተከልም። ከእርሻ ጎን፣ ከዓሣ ኩሬ ጎን፣ ከሰው ጓሮ ጎን ነው የሚተከለው። መንደርና ፋብሪካ አንድ አፈር ረግጠው፣ ከአንድ የከርሰ ምድር ውሃ እየጠጡ ይኖራሉ።

አሁን ወደ ቲምቡልስሎኮ እንግባ። ባሕሩ የበረታበት የመንደሯ ክፍል ስትደርሱ የሚቀበላችሁ የጣውላ መተላለፊያ ነው። ውሃ ውስጥ በተተከሉ የእንጨት ምሰሶዎች ላይ ጣውላ ተረብርቦ ቤትን ከቤት፣ ቤትን ከመስጊድ ያገናኛል። በግራም በቀኝም ውሃ ነው። የመብራት ምሰሶዎች ባሕር ውስጥ ቆመዋል፤ ድሮ የተተከሉት ግን በመንገድ ዳር ነበር። መንገዱ አሁን ከውሃው በታች ነው።

ከቤቶቹ አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። በሩ ላይ ጎንበስ ማለት አለባችሁ። ቤቱ ሲሠራ በሩ ለረጅም ሰውም ይበቃ ነበር። ባሕሩ ወለሉ ላይ ሲወጣ ባለቤቱ አፈር አስመጥቶ ሞላና ወለሉን ከፍ አደረገ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ውሃው ተመልሶ መጣ፤ ወለሉም ዳግመኛ ከፍ አለ። ሦስተኛው ላይ አፈሩ ስለማያዛልቅ ጣውላ ረበረበ። ጣሪያው ግን ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ጣሪያ ማንሣት ቤቱን አፍርሶ እንደ አዲስ መሥራት ነው፣ ለዚያ ደግሞ አቅም የለም። ስለዚህ ወለሉ ዓመት በዓመት ወደ ጣሪያው እየቀረበ ሄደ። ድሮ ቆመው ወደ ውጭ ያዩበት የነበረው መስኮት ዛሬ ቁጭ ሲሉ ደረት ላይ ይደርሳል። ሰው በገዛ ቤቱ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል።

የአገሬው ሰው ለዚህ ውሃ የራሱ ስም አለው፤ «ሮብ» ይለዋል። ሮብ ከዝናብ ጋር የሚመጣ ጎርፍ አይደለም። ፀሐይ እየወጣች፣ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ፣ ባሕሩ በተለመደው ሰዓቱ ሲሞላ ከጠረፉ አልፎ ጓሮውን፣ ደጁን፣ ወለሉን የሚያዳርስ ውሃ ነው። በፊት በፊት በወር ጥቂት ቀን መጥቶ ይመለስ ነበር። አሁን በብዙ የሳዩንግ መንደሮች መመለሱን ትቷል።

አረጋውያኑ ያደጉት ግን ገበሬ ሆነው ነው። ዛሬ ጀልባ የሚቀዘፍበት ቦታ የሩዝ ማሳ ነበር፤ በዳርና በዳሩ በቆሎና አትክልት ይበቅልበት ነበር፣ ኮኮናትም ነበረበት። ከጊዜ በኋላ ጨዋማው ውሃ ወደ ማሳው መግባት ሲጀምርና የሽሪምፕ ዋጋ በውጭ ገበያ ሲሰቀል፣ የጃቫ ሰሜን ጠረፍ ገበሬ ማሳውን ወደ ዓሣና ሽሪምፕ ኩሬ ቀየረው። ለኩሬ ቦታ ሲባል በጠረፉ የነበረው የማንግሮቭ ደን ተመነጠረ። ማንግሮቭ በጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅል፣ ሥሩን እንደ ጣት ዘርግቶ ጭቃውን የሚይዝ ዛፍ ነው። እሱ ሲሄድ ጭቃውን የሚይዝለት ጠፋ። የሰማራንግ ወደብ ግንባታና ባሕር እየተሞላ የተሠራው መሬትም የባሕሩን ሞገድ አቅጣጫ ቀይሮ የጎረቤቱን ጠረፍ ለመሸርሸር እንዳበቃ ብዙ ተመራማሪዎች ያነሣሉ። የኩሬዎቹ ግድቦች አንድ በአንድ ተናዱ፤ ባሕሩም ገባ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ባሕሩ መጣ ስንል ምን ማለታችን ነው?

የዓለም ባሕር እየሞቀና የበረዶው ግግር እየቀለጠ ከፍ እንደሚል ሁላችንም ሰምተናል፤ እውነት ነው። ከፍታው የሚጨምረው ግን በዓመት ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። በአሥር ዓመት ሁለት ጣት ያህል ነው። በሰሜን ሰማራንግና በአጎራባቿ ሳዩንግ ክፉኛ በተጎዱት ቦታዎች ደግሞ መሬቱ ራሱ በዓመት እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይሰምጣል። ያ በአሥር ዓመት አንድ ሜትር ነው፤ የጎልማሳ ሰው ወገብ ድረስ። ባሕሩ ሁለት ጣት ሲወጣ መሬቱ አንድ ሜትር ወረደ። ስለዚህ በቲምቡልስሎኮ ከሆነው የሚበዛው ባሕሩ የወጣው ሳይሆን መሬቱ የወረደው ነው።

መሬት እንዴት ይወርዳል? የዚያ ጠረፍ መሬት ገና ልጅ መሬት ነው። ደማክ በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ በጃቫ የመጀመሪያው የእስልምና ሡልጣኔት መቀመጫና ስመ ጥር የወደብ ከተማ በነበረች ጊዜ፣ በሷና በሙሪያ ተራራ መካከል መርከብ የሚያልፍበት የባሕር ወሽመጥ ነበር። ወንዞች ደለል እያመጡ ወሽመጡን ሞሉት፤ ተራራው ከደሴቱ ጋር ተጋጠመ። ደማክም ከባሕር ርቃ የብስ ላይ ቀረች። ያ የተከማቸ ጭቃ እስከ ዛሬ ውሃ እንዳዘለ ነው።

ጆንያ ጤፍ ሲሞላ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ጆንያው እስከ አፉ ሞልቶ ሳለ ያዝ አድርገው ቢነቀንቁት ጤፉ ይወርዳል፤ አንድ ቅንጣት ሳይጎድል ከአፉ ዝቅ ይላል። በቅንጣቶቹ መካከል የነበረው ክፍተት ስለጠበበ ነው። ከመሬት በታች ባለው ጭቃ ውስጥ ያን ክፍተት የያዘው ውሃ ነው። ውሃው በግፊቱ ጭቃውን ደግፎ ይይዘዋል። በጥልቅ ጉድጓድና በፓምፕ ውሃው ሲሳብ ድጋፉ ይጠፋል፤ ጭቃው ይጨመቃል፤ በላዩ ያለው ቤት፣ መንገድ፣ መቃብር ሁሉ አብሮ ይወርዳል። የከፋው ነገር ደግሞ አንዴ የተጨመቀ ጭቃ ውሃ ቢመለስለት እንኳ ወደ ቀድሞ ቁመቱ አለመመለሱ ነው።

ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ልጅ መሬት በራሱም ጊዜ ይረጋል፤ የሕንጻና የመንገድ ክብደትም ይጫነዋል። ከሦስቱ ሰው በእጁ ሊያቆመው የሚችለው ግን ውሃ መሳቡን ነው። በሰማራንግ ምሥራቃዊ ዳርቻና ወደ ደማክ በሚወስደው አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ ፋብሪካዎች ተሰልፈዋል። ያ ጎዳና በ1808 ዳንደልስ የተባለው የሆላንድ ገዢ ከደሴቱ ጫፍ እስከ ጫፍ፣ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ያስዘረጋው የፖስታ መንገድ አካል ነው። ጨርቅ ለመንከር፣ እንጨት ለማቀነባበር፣ ምግብ ለማሸግ ብዙ ውሃ ያስፈልጋል። ከወንዝ የተጣራ ውሃ በቧንቧ እስኪደርስ መጠበቅ ውድ ነው፤ ጉድጓድ መቆፈር ርካሽ ነው። ርካሽ የሆነው ግን ለቆፈረው ነው። የቀረውን ዋጋ ከአጥሩ ውጭ ያለ ሰው ይከፍለዋል።

እዚህ ላይ ሚዛናዊ መሆን አለብኝ። ፋብሪካው ለመንደሩ ጠላት ብቻ አይደለም። ኩሬው ከሞተ በኋላ የመንደሩን ልጆች የቀጠረው ፋብሪካው ነው። ጠዋት ጠዋት ወጣቶቹ በጣውላው ላይ አልፈው፣ በደረቁ መሬት ያቆሙትን ሞተር ብስክሌት አስነስተው ወደ ሥራ ይሄዳሉ። ወለል ማንሻው አፈርና ጣውላ የሚገዛው ብዙ ጊዜ በዚያ ደመወዝ ነው። መንደርተኛውም ራሱ የቧንቧ ውሃ ስላልደረሰለት ከጥልቅ ጉድጓድ ይጠጣል። ስለዚህ የምናገረው ስለ ክፉና ደግ ሰዎች አይደለም። ስለ አንድ ያልተጻፈ ሒሳብ ነው፤ ውሃውን ማን ምን ያህል ወሰደ፣ መሬቱ የማን ደጅ ላይ ወረደ የሚል ሒሳብ።

ያ ሒሳብ ሳይጻፍ ሲቀር ምን እንደሚሆን የአገሩ ሕግ ያሳያል። በ1960 የወጣው የኢንዶኔዥያ የመሬት ሕግ፣ መሬቱ ከጠፋ የባለቤትነት መብቱም አብሮ ይቀራል ይላል። ሕጉ ሲጻፍ ወንዝ የበላው ዳርቻ ታስቦ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ግን አባቱ ያወረሰውን የሩዝ ማሳ ካርታ በሣጥን ያስቀመጠ ገበሬ፣ ማሳው በባሕር ሲዋጥ ካርታው ወረቀት ሆኖ ይቀርበታል። ከሰማራንግ ወደ ደማክ የሚሄደው አዲሱ የክፍያ መንገድ ሲታቀድም የተዋጡት ይዞታዎች ካሳ ይገባቸዋል አይገባቸውም የሚለው ነገር ብዙ አከራክሯል። ሰውየው መሬቱን አልሸጠም፣ አልለቀቀም። መሬቱ ከሥሩ ሄዶበት ነው።

ታዲያ ለምን አይሄዱም? ብዙዎች ሄደዋል። አጎራባች በሆነችው በቤዶኖ መንደር ሁለት ሰፈሮች፣ ታምባክሳሪና ሬጆሳሪ ሴኒክ፣ ባሕሩ ስለጸናባቸው ነዋሪዎቻቸው ተነስተው ሌላ ቦታ ሰፍረዋል። በሬጆሳሪ ሴኒክ አንድ ቤተሰብ ብቻ ቀርቶ ለብዙ ዓመታት የማንግሮቭ ችግኝ እያፈላ ሲተክል ኖሯል። በታምባክሳሪ ደግሞ በ1950 ያረፉ የአንድ ታላቅ የሃይማኖት ሊቅ መቃብር አለ፤ ዙሪያው ባሕር ሆኖ ሳለ ዛሬም በምዕመናን ይጎበኛል።

መቃብር ካነሣሁ አይቀር፣ የቲምቡልስሎኮም ሰዎች ላለመሄዳቸው አንዱ ምክንያት እሱ ነው። ጃቫዎች ከረመዳን በፊት ባለው ወር ወደ ቤተሰብ መቃብር ሄደው ያጸዳሉ፣ ዱዓ ያደርጋሉ፣ አብረው ይበላሉ፤ ኒያድራን ይሉታል። የመንደሩ መቃብር ባሕር ሲገባበት የሞተውን ለመቅበር ባሕሩ እስኪሸሽ መጠበቅ ግድ ሆነ። ለቀስተኛው ቆሞ ውሃው እስኪጎድል ይጠብቃል። ጉድጓዱ ተቆፍሮ ሬሳው አርፎ አፈር እስኪለብስ ያለው ጊዜ የባሕሩ ነው። ነዋሪዎቹ አፈር አስጭነው መቃብሩን ከፍ ለማድረግ ደክመዋል። ራሳቸው በሚጎብጡበት ቤት እየኖሩ ሙታናቸውን ከውሃ ለማውጣት አፈር ይሸከማሉ። ይህን ያየ ሰው ለምን አይሄዱም ብሎ ለመጠየቅ አፉ አይታዘዝለትም።

ሌላው ምክንያት አብሮነት ነው። የእኛ ሰው ደቦ የሚለውን እነሱ ጎቶንግ ሮዮንግ ይሉታል። ያ የጣውላ መተላለፊያ የተዘረጋው ከየቤቱ መዋጮ ተሰብስቦ፣ ወንዶቹ ወገባቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ገብተው ምሰሶ ተክለው ነው። ጃቫዎች አንድ አባባል አላቸው፤ ብንበላም ባንበላም ዋናው መሰባሰባችን ነው ይላሉ። በየከተማው ጥግ ተበታትነው የሚከራዩት ክፍል ያን አይሰጣቸውም።

አሁን መፍትሔ ተብሎ የተሞከረውን እንይ። አንደኛው መንገድ ከባሕሩ ጋር መተባበር ነው። በ2013 በቲምቡልስሎኮ ጠረፍ ሙከራ ተደረገ፤ ከ2015 ጀምሮም የኢንዶኔዥያ መንግሥት ከሆላንድ ባለሙያዎችና ዌትላንድስ ኢንተርናሽናል ከተባለው ድርጅት ጋር 20 ኪሎ ሜትር በሚሆን የደማክ ጠረፍ አስፋፋው። አሠራሩ ቀላል ነው። ባሕሩ ውስጥ ምሰሶ በሁለት ረድፍ ይተከላል፤ በመካከሉ ጭራሮ ይጠቀጠቃል። ማዕበሉ እንደ ግንብ አይጋጨውም፤ በጭራሮው መሐል ሲያልፍ ጉልበቱ ይደክማል። የተሸከመውን ደለል ከኋላ ይጥለዋል። ጭቃው ከፍ ሲል የማንግሮቭ ፍሬ ተንሳፍፎ መጥቶ ራሱ ይበቅላል። በ2022 የተባበሩት መንግሥታት ይህን ሥራ በዓለም ለምሳሌ ከሚጠቀሱት የተፈጥሮ ማገገሚያ ሥራዎች መካከል ቆጠረው። ይሁን እንጂ ወደ ሰማራንግ በቀረበው በኩል መሬቱ የሚወርደው ደለሉ ከሚሞላው ፈጥኖ ስለሆነ የተገኘው ውጤት ብዙ ቦታ መልሶ ሰጥሟል። ባለሙያዎቹ ራሳቸው ይህን በግልጽ ተናግረዋል። ከታች የሚያፈስ እንስራ ከላይ ውሃ ቢጨመርበት አይሞላም።

ሁለተኛው መንገድ ግንብ ነው። ከሰማራንግ እስከ ደማክ 27 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የክፍያ መንገድ በምዕራባዊ ክፍሉ የባሕር መከላከያ ግድብም ሆኖ እንዲያገለግል ነው የታቀደው። ከሳዩንግ ወደ ደማክ ያለው ክፍል በ2023 ተመርቋል። መንግሥት ከዚያም አልፎ የጃቫን ሰሜን ጠረፍ በ500 ኪሎ ሜትር ግንብ ለማጠር ያስባል፤ ፕሬዚዳንቱ የጠቀሱት ወጪ 80 ቢሊዮን ዶላር ይደርሳል። ግንብ ሚሊዮኖች የሚኖሩበትን ከተማ ለጊዜው ሊያድን ይችላል፤ አላቃልለውም። ግን ግንቡም የሚቆመው በዚያው በሚወርደው ጭቃ ላይ ነው። ከግንቡ ኋላ የሚወርደው የዝናብና የወንዝ ውሃም መውጫ ስለሚያጣ ቀንና ሌሊት በፓምፕ መወገድ አለበት። ከግንቡ በባሕር በኩል የሚቀሩት የዓሣ አስጋሪ ሰፈሮችስ? ለእነሱ ግንቡ የተዘጋ በር ነው።

ሦስተኛው መንገድ ብዙ የማይወራለት ነው፤ ፓምፑን ማስቆም። ይቻላል ወይ ለሚል ሰው ቶኪዮ ምስክር ናት። የቶኪዮ ዝቅተኛ ምሥራቃዊ ሰፈሮች በ20ኛው መቶ ዘመን ፋብሪካዎች የከርሰ ምድር ውሃ በመሳባቸው ከ4 ሜትር በላይ ሰምጠው ነበር። ጃፓኖች በ1956 የኢንዱስትሪ ውሃን የሚገዛ ሕግ አወጡ፤ ኋላም አጠበቁት። ለፋብሪካዎቹ ከወንዝ የሚመጣ ውሃ በቧንቧ አቀረቡላቸው፤ ጉድጓዱን ዘጉ። በ1970ዎቹ መጨረሻ መስመጡ ቆመ ማለት ይቻላል። የወረደው አልተመለሰም፤ ከዚያ ወዲህ ግን አልባሰም። ፋብሪካዎቹም አልሞቱም። አገሪቱ በዓለም ታላላቅ አምራቾች ተርታ የተሰለፈችው ጉድጓዶቿን እየዘጋች ነው።

ክቡራትና ክቡራን፤ ከዚህ ሁሉ ይዛችሁ እንድትሄዱ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የትም አገር ፋብሪካ ሲተከል ስንት ሰው ይቀጥራል ብለን እንጠይቃለን፤ ደግ ጥያቄ ነው። ውሃውን ከየት ይወስዳል፣ ምን ያህል፣ ማንስ ይለካዋል ብለን ግን አብረን እንጠይቅ። ጥያቄው ቀድሞ ቢነሣ ዋጋው የቧንቧ መስመርና የቆጣሪ ዋጋ ነው። ዘግይቶ ሲነሣ ዋጋው መንደር ነው፣ ማሳ ነው፣ የአባት መቃብር ነው።

ወደዚያች ቤት ልመልሳችሁና ልጨርስ። ባለቤቱ ወለሉን ሦስት ጊዜ አንሥቷል። በራሱ ገንዘብ፣ በራሱ ጉልበት፣ ማንንም ሳይከስ። አራተኛ ጊዜ ሊያነሣው አይችልም፤ ራሱ ጣሪያውን ነክቷል። እሱ የሚችለውን ሁሉ አንሥቶ ጨርሷል። የቀረው ፓምፑ ነው፤ እሱን የማንሣት ተራ የሌሎች ነው።